አባቴ ያልበላው ምሳ

ያንን ቤት ጎንደር ውስጥ የማያውቀው የለም። ጣሊያን የሠራው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በረንዳው ባለ ቅስት፣ ግቢው ውስጥ ትልልቅ ጽዶች የቆሙበት ቪላ ነው። ጣሊያን ሲወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ከዚያ ቀበሌ ገባበት፤ ከዚያ ለዓመታት የእርግብ ማደሪያ ሆኖ ከረመ። አሁን ታድሶ የፈረንጅ ምግብ ቤት ሆኗል። ባልደረቦቼ ደመወዝ ሲወጣ “እስቲ እዚያ እንሂድ፣ ላዛኛው እኮ ልዩ ነው” ይሉኛል። እኔ “ሌላ ቦታ ይሻላል፣ የዚያ ቤት ዋጋ አይቀመስም” ብዬ አልፋለሁ። ውሸቴን ነው። የሚያስፈራኝ ዋጋው አይደለም።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ አዘዞ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ላገባው ያሰብኩት ሰው ነበረኝ፤ ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ የራሱ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ሁለት ዓመት አብረን ከርመናል። እወደው ነበር። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ስናደድ ልረሳው እችላለሁ።

አንድ ቀን “እናቴ አባትሽን ምሳ ልትጋብዝ ነው፤ እዚያ የጣሊያን ቤት ጠረጴዛ አስይዛለች” አለኝ።

“ሽማግሌስ?” አልኩት።

“ሽማግሌ ምናምን በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰው ይተዋወቅ። ዘመኑ እኮ ሌላ ነው።”

እኔም ዘመናዊ መባል አምሮኝ “ልክ ነህ” አልኩ። አይ እኔ!

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ያለኝ ወላጅ አባቴ ብቻ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ። ደወልኩለትና “ምሳ ጋብዘውዎታል” አልኩት።

“ለምን ጉዳይ?”

“ያው... ለእኔ ጉዳይ።”

በስልኩ ውስጥ ንፋሱ ይሰማኛል። “ጠያቂ ይኖራል?” አለኝ።

ጥያቄው ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። “መቼም አይጠፋም” አልኩ።

“ሸጋ” አለና ዘጋው።

በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቅ ሰው ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሎች “ግቡ፣ ተቀመጡ” ቢባሉ “የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም” ብለው ግማሽ ቀን ደጃችን ላይ ፀሐይ መቷቸዋል። አባቴ በበኩሉ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ከወንዱ ልጅ ወገን የመጣ ነገር በአፉ አያዞርም። በዚያው ሰሞን የልጁ አባት ገበያ ላይ አግኝቶት አንድ ጠርሙስ ቢራ ቢያዝለት፣ “ይቆየኝ” ብሎ ሳይነካው ተነስቶ ወጥቷል። የልጁን ወገን እህል የቀመሰ አባት ሴት ልጁን ሰጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ “ልምከርበት” የለ፣ እምቢታ የለ። ሳይጠየቅ የቀመሰ ደግሞ ልጁን በምሳ የለወጠ ነው ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይተረትበታል። እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው “መቼም አይጠፋም” ያልኩት። ለእነሱም አልነገርኳቸው። ያፈርኩ ይመስለኛል፤ በአባቴ ሳይሆን በወጉ። ወይስ በአባቴም? እግዜር ይወቀው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው በሁለተኛው እሑድ አባቴ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ በቀጥታ ሚኒባስ ተሳፍሮ ስድስት ሰዓት ላይ ጎንደር ደረሰ። የታጠበ ጋቢ ደርቧል፣ ዱላውን ይዟል፣ ጫማውን አስጠርጓል። “እንጀራ ቢጤ ልግዛልዎት?” ስለው “ኧረ ተይ፣ ምሳ ተጠርቼ!” ብሎ ሳቀብኝ። ደስ ብሎታል። ዳገቱን ስንወጣ የሚመልሰውን ቃል በለሆሳስ ሲለማመድ ሰማሁት። “ልጄን ስላከበራችሁ እግዜር ያክብራችሁ። ዘመድ ሰብስቤ ልምከር። በሁለት ሳምንት ቤቴ ድረስ ኑ።” መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። አሁን ንገሪው፣ አሁን ንገሪው እላለሁ ለራሴ። ሳልነግረው በሩ ላይ ደረስን።

ዘበኛው “ዱላ ከበር ይቀራል አባት” አለው። አባቴ ሰጠው። በረንዳው ላይ ቆም ብሎ ቅስቱን ቀና ብሎ አየና “እዚህ ቤትማ መጥቻለሁ። ጎረምሳ ሆኜ በግብር ጉዳይ ሦስት ቀን ደጁን ጠንቻለሁ፤ ውስጡን ግን አላየሁም” አለኝ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ የድሮ ባለ አበባ ንጣፍ፣ ጣሪያው ረጅም። ሁለት ፈረንጆች ጥግ ላይ ቀስ ብለው ያወራሉ። የእኛዎቹ መስኮቱ ሥር ሦስቱም ተቀምጠዋል፤ እሱ፣ እናቱና አባቱ። ተቀምጠው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዳቦውን ቆርሰው ጀምረዋል። እናቱ እያላመጠች እጇን ዘረጋች።

“ውይ መጡ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ አባባ!”

አባባ! ሴትዮዋ ከአባቴ ብታንስ በሦስት ዓመት ነው።

እሱ ተነስቶ አባቴን ትከሻውን ሳመው። አባትየው ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ጨበጠውና መልሶ ተቀመጠ። አባቴ ግን አልተቀመጠም። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ፣ አንድ በአንድ አያቸው። ተናጋሪው የትኛው እንደሆነ እየፈለገ ነው። እነሱ ዝም ብለው ፈገግ ይሉለታል። አስተናጋጁ መጥቶ ወንበሩን ሳበለትና አባቴ ምን ያድርግ፣ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። እነዚያ እጆች ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልወጡም።

እናቱ ለሁላችንም አዘዘች። መጀመሪያ ሾርባ መጣ፣ ነጭ፣ የእንጉዳይ ነው አሉን። እነሱ ጠጡ። እኔም ደንግጬ ጠጣሁ፤ ጥሩ ሾርባ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው። የአባቴ ሾርባ እንፋሎቱ እየወጣ ቆይቶ በላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠራ። “አይወዱትም?” አለች እናቱ። “ሸጋ ነው፣ እናንተ ጠጡ” አለ አባቴ። አስተናጋጁ እንደሞላ አነሳው።

ቀጥሎ ሥጋው መጣ፤ ትልቅ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩን የተጠበሰ፣ ሲጫኑት ቀይ የሚወጣው። ሽታው እኔን እንኳ ምራቄን አስዋጠኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያልበላ ሰው ሆድ ምን ይል እንደነበር ደግሞ ጎኑ ስለተቀመጥኩ ሰምቻለሁ። አባቴ ሰሃኑን አላየውም፤ መስኮቱን ያያል።

“ሹካው ይሆን?” አለ ልጁ ቀስ ብሎ ወደ እኔ። መልስ ሳልሰጠው የአባቴን ሰሃን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ሥጋውን ለሕፃን እንደሚቆረጥ ይቆራርጥለት ጀመር። ለደግ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። አባቴ ሲቆረጥለት አየ፣ ከጆሮው በታች ያለችው ሥር ስትቆም አየሁ። “አመሰግናለሁ ልጄ” አለ። አልነካውም።

እናቱ አስተናጋጁን ጠራችና ፈረንጆቹ እስኪዞሩ ድረስ ድምጿን ከፍ አድርጋ “እንጀራ የላችሁም እንዴ? አባባ ሹካ አልለመዱም!” አለችው። እሱ እጁን አጣምሮ “እዚህ የፈረንጅ ምግብ ብቻ ነው እትዬ” አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ። አባቴ ሹካ ያውቃል። ወታደር ቤት ሰባት ዓመት በሹካ በልቷል።

ከዚያ እናቱ ወሬውን ልታሞቅ ብላ ይሁን፣ ወይ በእርግጥ ነገሩ ያለቀ መስሏት፣ “እኛ እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ብለናል” አለች። “ዳግማይ ትንሣኤ ላይ አዳራሹን አስይዘነዋል፤ ሌላ ቀን አጣን። ሚዜዎቹም ልብስ ተለክተዋል።”

አባቴ ከመስኮቱ ዞሮ አያት።

“ማን ነው የሚዳረው?” አለ።

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። እናቱ “ውይ ጨዋታ አዋቂ!” ብላ ክንዱን መታ መታ አደረገችው። ያልሳቀው የልጁ አባት ብቻ ነው። እሱ በልጅነቱ ከተማ ገብቶ ሱቅ ከፍቶ ይክበር እንጂ የወገራ፣ የእኛው አገር ልጅ ነው። ሹካውን አስቀመጠ። የአባቴን ጋቢ አየ፤ ዳቦውን አየ፤ ምንም ያልተነካውን ሰሃን አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ገባው! ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና መነሳት ጀመረ። ተነሳ፣ ተነሳልኝ፣ ሁለት ቃል ናት፣ ተናገራት!

“ወዴት ነህ?” አለችው ሚስቱ።

ሰውዬው ግማሽ ቆሞ፣ ግማሽ ተቀምጦ ትንሽ ዘገየ። “እጄን ልታጠብ” አለና ወጣ። ሲመለስ ማንንም ሳያይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ልጁን በዓይኔ ጠርቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ተከተለኝ። “አባትህ ተነስቶ ይጠይቅ” አልኩት። “‘ልጅዎን ለልጃችን’ ይበል፣ ቆሞ፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሳይጠየቅ ከእናንተ እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ሰጥቷል ማለት ነው።”

“እዚህ? ሰው እያየን? ትቀልጃለሽ?”

“አልቀልድም።”

“ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?”

እውነቱን ነው። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩት። “ይኸው አሁን ነገርኩህ። አባትህ ካልፈለገ አንተ ቁም። አንተም ብትሆን አባቴ አይጠላም።”

ወደ መመገቢያው አየ። እናቱ አንገቷን ሰግጋ ትፈልገናለች። “አዳራሽ ተይዞ፣ ሁሉ ነገር አልቆ፣ አሁን ተነስተን ልንለምን?” አለኝ።

“አዎ። ልትለምኑ።”

ሳቀ፤ ያ ዓይኑን የሚያጠፋው ሳቅ። ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝና “ርቧቸው ነው የተቆጡት። ሲበሉ ይለቃቸዋል” አለኝ።

ይለቃቸዋል! እንደ ራስ ምታት።

ተመልሰን ስንቀመጥ እናቱ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። ከዳቦው ቆረሰች፣ ቅቤ ቀባችው፣ ከሥጋው አንድ ቁራጭ በላዩ ላይ አደረገችና ጠረጴዛውን ተሻግራ ወደ አባቴ አፍ ዘረጋች። ጉርሻ!

“በሞቴ!” አለች። “አንዴ ብቻ! እጄን አይንቁ!”

ጉርሻ እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ደግሞ በሞቴ ተብሎ። አባቴ በሕይወቱ የጎረሰውን እንጂ የመለሰውን ጉርሻ አላውቅም። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ።

“ኑሩልኝ እመይቴ” አላት። “እጅዎን አልናቅኩም። ይቆየኝ።”

“በሞቴ እያልኩ!”

“ይቆየኝ። ሳይጠሩት አቤት ባይ፣ ሳይሰጡት ተቀባይ አያድርጉኝ።”

የበለጠ አፍ አውጥቶ ምን ይበል? እሷ ግን አልሰማችውም። ክንዷን እንደዘረጋች ቆየች። ቅቤው አውራ ጣቷ ላይ ወረደ። መጨረሻ ላይ ጉርሻውን ሰሃኗ ላይ ጣለችና ጣቷን እየጠረገች “እንግዲህ ተንቀናል” አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለጠረጴዛው ነው። ፊቷ ቀልቷል። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ እሷም በአቅሟ ልታከብረን ነው ያን ሁሉ የደከመችው። ያን ሰዓት ግን አላሳዘነችኝም።

ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ንገሪያቸው እንጂ ይብሉ! እናቴን አዋረዷት እኮ። ነገሩ ሁሉ እንዲበላሽ ነው የምትፈልጊው?”

አልፈለግኩም። የፈለግኩት እንዳይበላሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት እየሞላኝ ነው፤ እወደዋለሁ፤ ቀለበቱን እንኳ በልቤ ለክቼዋለሁ። እንባዬ መጣ። እንዳይታይብኝ ወደ ሰሃኔ አቀረቀርኩ፤ ግን አንዷ ጠብ አለች፣ ጨርቁ ላይ። ቀና ስል አባቴ ያየኛል።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እንደዚያ ነበር የሚያየኝ። ከዚያ ልጁን አየው፤ ከዚያ መልሶ እኔን። ትንፋሹን አወጣ። እጁ ከጋቢው ውስጥ ወጣች።

በስመ አብ ብሎ አማተበ። የተሰነጣጠቀ ትልቅ እጁን ወደ ዳቦው ሰደደ። እናቱ “እሰይ!” አለች። ልጁ በእፎይታ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተለጠጠ። አባቴ ዳቦውን ቆረሰ። የቆረሰው ትንሽ ነው፣ ለወፍ የሚበቃ። ሲያነሳው ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ አየሁት። ምን እንደሆነ እናገር ዘንድ ቃል የለኝም፤ ከእኛ ሰፈር ሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበት ነገር ነው። ያንን ነው የሚበላው። ስለ እኔ።

እጁን አፉ ጋ ሳይደርስ ያዝኩት።

“አባየ፣ አይብሉ።”

“ተይ ልጄ” አለኝ በቀስታ።

“አይብሉ!” አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። ጥግ ያሉት ፈረንጆች ዞረው አዩን። ሳላስበው ቆሜያለሁ። እጁን እንደያዝኩ ወደ እነሱ ዞርኩና “ገና አልጠየቃችሁትም” አልኳቸው። “አባቴ ልጁን እንዲሰጣችሁ የጠየቀው ሰው የለም። ለዚህ ነው የማይበላው። ሹካ አይደለም። ንቀትም አይደለም። አሁንም አልረፈደም። አንድ ሰው ይቁምና ይጠይቀው።”

እናቱ አፏን ከፍታ ቀረች። አባትየው ጠረጴዛውን እያየ “እውነቷን ነው” አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ወደ ልጁ ዞርኩ። ብቻ ይቁም ነበር ያልኩት። አፉን ባይከፍት፣ ዝም ብሎ ቢቆም፣ እምላለሁ፣ ዛሬ የልጆቹ እናት ነበርኩ። አየኝ። እናቱን አየ። አስተናጋጁን አየ።

“ቁጭ በይ” አለኝ። “ሰው እያየን ነው።”

በዚያ ጠረጴዛ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ትንሽ ጠበቅኩ፤ ብዙ የጠበቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ አባቴን “እንሂድ” አልኩት። ቁራሿን ዳቦ ከዚያው ከቆረሰበት አጠገብ አስቀመጣት፣ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ። “እህሉን አልናቅነውም፤ ባርኮ ይስጣችሁ” አላቸው። ለልጁ አባት ለብቻው ራሱን ዝቅ አደረገለት።

ዘበኛው ዱላውን መለሰለትና ዳገቱን ወረድን። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን፤ ሽሮ አዘዝኩ። አባቴ እጁን ታጥቦ በላ። ሲበላ ቀና አላለም፤ አንዱን እንጀራ ጨርሶ ሌላ አስጨመረ። እኔ አልወረደልኝም። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ከዚያ ተወ።

የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው አባቴ በሩ ላይ ቆመና ዞረ።

“ምነው ያዝሽኝ?” አለኝ። “ትወጂው የለ። ልበላልሽ ነበር እኮ።”

“ስላወቅኩ ነው የያዝኩዎት” አልኩት።